የመጨረሻው ጥቅል

ሰላሀዲን የተበጠሰውን የፊልም ጫፍ በምላጭ እየፋቀ ነበር። ሁለቱ ጫፎች ተደራርበው ከመጣበቃቸው በፊት አንደኛው ላይ ያለው ሥዕል ተፍቆ እንደ መስታወት መጥራት አለበት፤ ጥቂት ከቀረ ሙጫው አይይዝም፣ ጥቂት ከበዛ ፊልሙ ይቀደዳል። ትንፋሹን ይዞ ፋቀ። ሙጫውን በቀጭን ብሩሽ ቀባ፤ ጫፎቹን ገጥሞ በአውራ ጣቱ ተጫነና እስኪይዝ መጠበቅ ጀመረ።

ሾፌሩ አያሌው ወንበር ላይ ቆሞ የአዳራሹን መስኮቶች በማዳበሪያ ከረጢት ይሸፍናል። ፊልሙ የሚታየው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ከሐይቁ በኩል የሚመጣውን ብርሃን መከልከል ግድ ነበር። ብርሃኑ ግን በየከረጢቱ ቀዳዳ እየሾለከ፣ ግድግዳው ላይ በተወጠረው ነጭ አቡጀዴ ላይ ይንጠባጠባል።

«ይኼ ፊልም ስንቴ ነው የሚበጠሰው አቦ?» አለ አያሌው ከላይ። «ሰው ቢሆን ሐኪም ቤት እናስተኛው ነበር።»

«የሚበጠሰው ያው አንድ ቦታ ነው» አለ ሰላሀዲን። «ካፒቴኑ መስኮት አጠገብ ቆሞ ስለ ሰው ልጅ አንድነት የሚናገርበት።»

«እሱማ የማይናገርበት ቦታ የት አለ?»

ሰላሀዲን ሳቀ። እውነቱን ነበር። ተንቀሳቃሽ ሲኒማ የሚያዞረው መሥሪያ ቤታቸው «የሩቅ ጎሕ» የሚል የአማርኛ ስም ያወጣለት ይህ ፊልም ከሶቪየት የመጣ ነው። ሰዎች በመንኮራኩር ወደ ሌላ ዓለም ይሄዳሉ፤ እዚያ ጥቂቶች ከላይ በብርሃን፣ ብዙዎች ከምድር በታች በጨለማ ሲኖሩ ያገኛሉ፤ ብዙዎቹን አንቅተው ወደ ብርሃን ያወጣሉ። ሐሳቡ ይኸው ነው። ፊልሙ ግን ሐሳቡን አንዴ ተናግሮ አይበቃውም። መንኮራኩሯ ከድንጋይ ልትጋጭ ስትል አንዱ ቆሞ ይናገራል። አየር አልቆ ሰዎቹ ሊታፈኑ ሲሉ፣ በቀረችው አየር ሌላው ቆሞ ይናገራል። ሰላሀዲን ለፊልም ሙያ ትምህርት ወደዚያ አገር ተልኮ በነበረ ጊዜ መጀመሪያ ሲያየው፣ አብረውት ካዩት ተማሪዎች ግማሾቹ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። እሱ አልተኛም። ከመንኮራኩሯ ሰዎች መካከል ኮስትያ የሚባል፣ ብዙ የማይናገር ልጅ ነበረ። ፊልሙ ሲጀምር እናቱ በር ላይ ቆማ ትሸኘዋለች፤ ከዚያ በኋላ ፊልሙ እናትየዋን ይረሳታል። የሚያስታውሳት የመጨረሻው ጥቅል ላይ ነው።

የመጨረሻው ጥቅል ደግሞ ደሴ ቀርቷል።

ያስቀረው የቡድኑ ኃላፊ ጓድ ሙሉጌታ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቀድሞ አስተማሪ ነበር፣ ሲናገርም ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ ያህል እጁን ያነሳ ነበር። ፊልሙ ገና ደሴ በደረሰ ጊዜ፣ «በጨለማ ያሉት ሰዎች ከወጡ በኋላ ምን ይቀራል?» ብሎ ጠየቀው።

«ልጁ ወደ ቤቱ ይመለሳል።»

«ከዚያስ?»

«ከእናቱ ጋር ይነጋገራል።»

«ስለ ምን?»

ሰላሀዲን አሰበ። ትክክለኛ መልስ መስጠት ይወድ ነበር። «ስለ ምንም» አለ።

«ስለ ምንም ለሚነጋገሩ ሰዎች ቤንዚን አናቃጥልም» አለ ሙሉጌታ፣ እየቀለደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን የመጨረሻው ጥቅል ከዕቃ ቤት አልወጣም። ፊልሙም ኮስትያ በመንኮራኩሯ መስኮት ቆሞ፣ በሩቅ የምትታየውን ትንሽ ምድር ሲመለከት ያበቃ ጀመር።

ሰላሀዲን አልተከራከረም። እንዲያውም ጥቂት ደስ ብሎት ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገረም። ሥራው የፊልሙን ድምፅ ዝቅ አድርጎ፣ ማይክራፎን ይዞ፣ ሰዎቹ የሚሉትን በአማርኛ መናገር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቃል በቃል ይተረጉም ነበር። ሙሉጌታ «እያንዳንዷን ቃል አታሳድድ፤ ፍሬ ነገሩን ስጣቸው» ሲለው ቃሉን እየተወ ፍሬውን መስጠት ለመደ። ቀጥሎ ፍሬውን በራሱ አባባል ማሳመር ለመደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ግጥም ይጽፍ ነበር፤ ሰው ፊት ሊያነብ ሲነሳ ግን ወረቀቱን አጥፎ መልሶ ይቀመጣል። በጨለማ፣ ከሰው ጀርባ፣ በሌላ ሰው ከንፈር ሲናገር ግን ቃሉ ይመጣለት ነበር። የፊልሙ መጨረሻ ሲቆረጥ ደግሞ ባዶ ቦታ ተከፈተለት። ኮስትያ በመስኮቱ በኩል ዝም ብሎ ምድርን የሚያይበት ጊዜ የሰላሀዲን ሆነ።

ጊዜው ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ወደ ሰሜን ጦርነት ብዙ ልጅ የተጫነበት ዓመት ነው። ሙጫው ይዞ ፊልሙን ሲጠቀልል ሙሉጌታ ከውጭ ገባ።

«ሰላሀዲን፣ ዛሬ ሐይቅ፣ ያንተ አገር ነው። የዘማች ቤተሰቦችን ከፊት እንዲያስቀምጧቸው አድርጌያለሁ፤ በየስማቸው ነው የተጠሩት። መጨረሻ ላይ ልባቸው የሚገባ ነገር በል። አጭር ይሁን።» እጁን አነሳና ዝቅ አደረገው። «አንተ ታውቅበታለህ።»

«አንተ ታውቅበታለህ» ብሎት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሰላሀዲን የሲጋራ ፓኮ ቀዶ፣ በጀርባው ላይ አራት መስመር ጻፈ። ሁለቱን ሰረዘ። መልሶ ጻፋቸው።

አዳራሹ ሳይሞላ መሪማ መጣች። መሪማ የሀምዱ እናት ናት። ሀምዱና ሰላሀዲን ቁርአን ቤት በአንድ ሉህ፣ ማለትም በአንድ የእንጨት ሰሌዳ ላይ እየተፈራረቁ የተማሩ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ቀለሙን ይይዝ ነበር። ሀምዱ ከዘመተ ወዲህ ከከረን በሰው አፍ አንዴ ሰላምታ ልኮ፣ ከዚያ ወሬው ጠፍቷል።

«ሰላሁ! አንተ ልጅ፣ አገርህ መጥተህ አቧራህን ብቻ ነው የምትልክልን?»

«ልመጣ ነበር እኮ እትዬ መሪማ።» እጇን ሳመ፤ እሷም የሱን መልሳ ሳመች።

«ትመጣለህ! ያች መኪናችሁ ቤታችንን ስታይ ነው መሰለኝ የምትፈጥነው።» ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «ከሳህ። ያገሬው ምግብ አልሆነህም? ወይፈኑ በሬ ሆኖልሃል። ሀምዱ የመጣ ቀን ነው የማርደው፤ ያኔ አጥንት ይዘህ ትቀመጣለህ፣ አታመልጥም።»

«ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህ።» ነጭ አቡጀዴውን በጥርጣሬ አየችው። «ይኼ ፊልም የምትሉት፣ የሆነ ነገር ነው ያልሆነ?»

«ያልሆነ ነው እትዬ። ግን ተረት አይደለም። ገና የሚመጣውን አስቦ የሚያሳይ ነው።»

«የሚመጣውንማ አላህ ነው የሚያውቀው።»

«እሱስ ነው።»

«እስቲ እንግዲህ አንተ ካልክ የሚመጣውን እንየው» ብላ ሻሿን አስተካክላ፣ ስሟ ወደ ተጠራበት ወደ ፊተኛው አግዳሚ ሄደች። እዚያ ሌሎች ሁለት እናቶች ነበሩ፤ መሀላቸው አስገቧት።

ፊልሙ ጀመረ። ሰዉ መንኮራኩሯ ስትነሳ «ያ አላህ!» «በስመ አብ!» ብሎ በአንድ ላይ ጮኸ፤ ቀጥሎ ካፒቴኑ ሲናገር ተንጠራራ፤ ሲደግም አዛጋ። ከኋላ አንዱ ጎልማሳ «ይኼ ሰውዬ ሰማይ ድረስ የሄደው ስብሰባ አምሮት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቅ ተነሣ፤ ከበሩ በኩል አንድ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሳቁ ተቋረጠ። በጨለማ ያሉት ሰዎች ወጡ። ኮስትያ ወደ መስኮቱ ሄደ። ሰላሀዲን የፊልሙን ድምፅ ጨርሶ ዘጋ፤ ማይክራፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ። ከፊት የተቀመጡት እናቶች ሻሽ በፊልሙ ብርሃን ሰማያዊ መስሏል። ወደዚያ እያየ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ ቃል ሳይሳሳት እንዲህ አለ፤

«እናቴ ሆይ፣ በር ላይ ቆመሽ አትጠብቂኝ። እኔ ከእንግዲህ የብዙ እናቶች ልጅ ነኝ። የሄድኩበት መንገድ መመለሻ የለውም፤ ብርሃን ግን አለው። ዓይንሽን ጥረጊና ነገን እዪ፤ እኔ እዚያ ነኝ።»

ጥቅሉ አለቀ። ነጩ ብርሃን አቡጀዴው ላይ ፈሰሰ። ከፊተኛው አግዳሚ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ሌላው ተከተለው፤ ልቅሶው ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ወደ ኋላ ተሻገረ። ወንዶቹ ተነሥተው ቆሙ፤ ኮፍያቸውን ያወለቁም ነበሩ።

ሰላሀዲን ማይክራፎኑን ማጥፋት ረስቶ ቆመ። በሱ ቃል ሰው አልቅሶ አያውቅም። ሙሉጌታ መጥቶ ትከሻውን ጨበጠ። «ገባቸው! አየህ? ገባቸው!» ሲል ዓይኑ እርጥብ ነበር። መሪማ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ስትወጣ ሰላሀዲን አያት። ሄጄ ልሰናበታት ብሎ አሰበ፤ ነገር ግን «እንዴት ነበር?» ሊላት መስሎ እንዳይታይ አፈረ፤ ሙሉጌታም ክንዱን አልለቀቀውም። ከረጢቶቹን ከመስኮቱ አውርደው፣ ዕቃውን ጭነው፣ በነጋታው ማለዳ ወደ ውጫሌ ሄዱ።

በውጫሌ ያንኑ ቃል ተናገረ። ማንም አላለቀሰም። የገበያ ቀን ነበር፤ ሰው አህያውን ውጭ አስሮ ገብቶ፣ ዓይኑ በር በሩን ይል ነበር። ከዚያ በአምባሰል ገጠሮች ዞሩ፤ መኪና በማይገባበት ጀኔሬተሩን በበቅሎ ጫኑ። በየቦታው ያንኑ ቃል ተናገረ፤ በየቦታው ሰዉ ዝም ብሎ ተበተነ። ሰላሀዲን ቅር አለው። ማታ ማታ ያችን የሲጋራ ፓኮ እያወጣ አንድ ቃል ይቀይርና መልሶ ያስገባታል። በሐይቅ የተሳካለት ምን ቢል እንደነበር አልገባውም።

ሲመለሱ ሐይቅ ላይ ለሻይ ቆሙ። ሙሉጌታ ጋቢና ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት ስለነበር ሰላሀዲንና አያሌው ብቻ ወደ ጸዳለ ሻይ ቤት ገቡ። ጸዳለ የሰላሀዲንን ልጅነት የምታውቅ፣ አፏ የማይያዝ ሴት ናት። ዛሬ ግን ብርጭቆውን ፊቱ አስቀምጣ፣ ሳታየው ዞረች።

«ምነው እትዬ ጸዳለ፣ ሰላምታም የለ?»

«ለማን መጣህ ደግሞ ዛሬ?»

«እንዴት ለማን?»

«የማንን ልጅ ልትነግረን ነው ብዬ ነዋ። እንድንዘጋጅ።»

አያሌው የቀልድ መስሎት ሳቀ። ሴትየዋ ግን አልሳቀችም። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ጣለችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አንተ ልጅ፣ እውነት አታውቅም?»

«ምኑን?»

«የመሪማን ልቅሶ።»

ሰላሀዲን ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሀምዱ ሞተ?»

«አንተ አይደለህ እንዴ የነገርካት!»

ያን ጊዜ ገባው። ጸዳለ ሳትጨርስ ሁሉም ገባው፤ እዚያው አገር ያደገ ሰው ነውና ሊጠፋው አይገባም ነበር። መርዶ በቀጥታ አይነገርም። ሰዉ በሌላ ነገር ተጠርቶ ይሰበሰባል። የሟች ቤተሰብ ሳያውቅ መሀል እንዲቀመጥ ይደረጋል። የሚናገረው ሰው ለሟቹ ቅርብ የሆነ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ሰው ነው፤ «ሞተ» የሚለው ቃልም ከአፉ አይወጣም፤ ዙሪያውን ሄዶ ሄዶ እናትየዋ ራሷ እንድትደርስበት ያደርጋል። በስማቸው ጠርተው ከፊት አስቀመጧቸው። ገና የሚመጣውን የሚያሳይ ነው አለ። የሀምዱ የሉህ ጓደኛ ቆሞ፣ ወደነሱ እያየ፣ በለሰለሰ ድምፅ «አትጠብቂኝ» አለ።

«ሁለቱን እናቶች በነጋታው የቀበሌው ሊቀ መንበር መጥቶ "ፊልም ነው፣ ተነሡ" ሲላቸው እንደምንም ተነሡ» አለች ጸዳለ። «እሷ ግን ወይ ፍንክች። "ቀበሌ ሊዋሽ ይችላል፤ ሰላሁ አይዋሽም። እሱን ከደሴ ድረስ አምጥተው ያስነገሩኝ ለዚህ ነው" አለች። ምን ትላታለህ? ለሰደቃው ያን በሬ አረደችው። እኔም ዳቦዬን ይዤ ሄጄ ተቀመጥኩ። አገር ነው የተቀመጠው።»

«ያንን በሬ?»

«ሌላ በሬ አላት እንዴ?»

አያሌው ሻዩን ትቶ ወደ ውጭ ወጣ። ከደጅ «ሂድ። ጓድ ሙሉጌታ ቢነቃ ጎማ ተንፍሶብኛል እለዋለሁ» አለው።

የመሪማ ቤት ወደ አርዲቦ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ፣ አቀበቱ ላይ ነው። ሰላሀዲን ሲወጣ ከፊቱ አንድ ሰው ቡናማ ካፖርት ለብሶ ይሄድ ነበር። ካፖርቱን አወቀው። ክርኑ ላይ የተለጠፈችውን ጥቁር ቁራጭ ጨርቅ የሰፋው ራሱ ነበር፤ ሀምዱ መርፌ መያዝ አይችልም። እሱ ሊሆን እንደማይችል እያወቀ፣ አፉ ቀድሞት «ሀምዱ!» ብሎ ተጣራ።

ሰውየው ዞረ። የተጎሳቆለ ሽማግሌ ነው። «እኔን ነው ልጄ?»

«አይ… ካፖርቱ ነው።»

«የሰደቃ ነው። የዘማች ነበር አሉኝ፣ አላህ ይማረው» አለ ሽማግሌው፤ ካፖርቱን ደረቱ ላይ እየሰበሰበ። «ጥሩ ካፖርት ነው። ንፋስ አያስገባም።»

መሪማ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ስታየው አልተነሣችም፤ ሰፌዱን ጭኗ ላይ እንዳለ ይዛ፣ «ና ልጄ፣ ተቀመጥ» አለችው። ድምፏ የተረጋጋ ነበር። ይህ እርጋታ ከልቅሶ ይልቅ አስፈራው። ሲመጣ መንገድ ላይ የደረደረው ቃል ሁሉ ጠፋበት።

«እትዬ፣ ሀምዱ ሞተ የሚል ወሬ አልሰማሁም። ማንም አልነገረኝም። ያ ፊልም ነበር።»

«አውቃለሁ ፊልም መሆኑን። በፊልሙ ውስጥ ያስነገሩህን ነው ያለቀስኩት።»

«ማንም አላስነገረኝም። ከራሴ ነው የተናገርኩት። ቃሉ እንዲያምር ብዬ ነው።»

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። ቀና ብላ አላየችውም።

«ሊያምር?»

«አዎ።»

«ሀምዱ አለ ነው የምትለኝ?»

«አለም፣ የለምም ማለት አልችልም እትዬ። አላውቅም። ምንም አላውቅም ነበር።»

መሪማ ከምስሩ አንዲት ጠጠር አንሥታ ወረወረች። ሌላ ፈለገች፤ አላገኘችም።

«አንዴ ቀበርኩት» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ በውሻ ጩኸት ስነቃ ኖሬ፣ ካለቀስኩለት በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። ካፖርቱን ሰጠሁ። የበሬውን ቆዳ እንኳ ሰጠሁ። አሁን ከየት አውጥቼ፣ የት ላስቀምጠው? እንደገና ልጠብቅ?»

ሰላሀዲን እጇን ሊስም ጎንበስ አለ፤ እጇን ሰፌዱ ስር ከተተችው።

ከታች ከአርዲቦ በኩል ላሞች ወደ ውኃ ሲወርዱ ይሰማል።

«ያ ልጅ» አለች በመጨረሻ። «የፊልሙ። መስኮቱ ላይ ቆሞ የነበረው። እሱ ምን ሆነ?»

«ተመለሰ።»

ቀና አለች። «ተመለሰ?»

«ተመለሰ፣ እትዬ። መጨረሻው ላይ እቤቱ ይገባል። እኛ ቆርጠን አስቀርተነው ነው።»

«እናቱስ?»

«እናቱም አለች። አርጅታለች። በሩን ከፈተችለት።»

«ምን አለችው?»

ሰላሀዲን ዓይኑን ጨፍኖ አስታወሰ። ያን ጊዜ፣ በዚያ ሩቅ አገር፣ ተኝተው በነበሩት ተማሪዎች መሀል ብቻውን የሰማው ነው፤ አንዲት ቃል ሳይጨምር መተርጎም ፈለገ። «"ጫማህን አውልቅ፤ ወለሉን አሁን ነው የጠረግሁት" አለችው።»

«ከዚያስ?»

«አወለቀ። ገባ። ተቀመጡ። አለቀ።»

መሪማ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ተነቀነቀ፤ ትሳቅ ታልቅስ ሰላሀዲን መለየት አልቻለም። ሲቆይ ሁለቱም መሆኑን አየ። «ወላሂ፣ እንዲያ ነው የምትለው» አለች። «ሌላ ምን ልትለው ኖሯል? ሀምዱም እኮ ጭቃውን ይዞ ነው ሰተት የሚለው።» ዓይኗን ጠረገችና አየችው፤ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየችው።

«እሷን ብትነግረን ምን ነበረበት?»

ስለ ቤንዚኑ ሊነግራት ፈለገና ተወው፤ ተነሥቶ ቆመ።

«ሂድ እንግዲህ» አለች። «መኪናህ ትሄድብሃለች።» አልመረቀችውም፤ አልረገመችውም። ሰፌዱን ነቅነቅ አድርጋ፣ ምስሩን እንደገና መልቀም ጀመረች። ቁልቁለቱን ሲወርድ አንዴ ዞር ብሎ አየ፤ ወደ መንገዱ እያየች ነበር። እሱን ይሁን መንገዱን ከዚያ ርቀት አይታወቅም።

ደሴ ሲገቡ ሙሉጌታ ስለ ሐይቅ ትዕይንት አስቀድሞ ከውጫሌ በስልክ ለበላዮቹ አስረድቶ ነበር። «ሕዝቡ አለቀሰ» ብሎ። የበላዮቹም ወደዱት፤ «የሩቅ ጎሕ» በዚያው ክፍለ ሀገር ወደ ቦረናና ወደ ላስታ እንዲሄድ ታዘዘ። ሰላሀዲን ልቅሶው ምን እንደነበር ሲነግረው ሙሉጌታ እጁን እንደ ልማዱ አነሣ፤ ግን የሚጽፍበት ሰሌዳ እንዳጣ ሰው እዚያው አየር ላይ አቆየው።

«ታዲያ አሁን ምን እናድርግ?» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለነሱ ሕዝቡ አለቀሰ ብያለሁ እኮ።»

«ወደ ሐይቅ እንመለስ። ሙሉውን እናሳይ።»

«ሐይቅ ታይቷል ሰላሀዲን። ሁለተኛ ቤንዚን አይሰጡንም።» ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ «ቦረና ላይ ግን ስንት ጥቅል እንደምትጭን እኔ አልቆጥርም» አለና ወጣ።

ሰላሀዲን ወደ ዕቃ ቤት ወረደ። የመጨረሻው ጥቅል መደርደሪያው ስር፣ ከተሰበረ ማጉያ ኋላ ነበር፤ ክዳኑ ላይ አቧራ ረግቷል። አውጥቶ ወደ ብርሃን ያዘው። ሥዕሎቹ ከጥፍር ያነሱ ነበሩ፤ በር፣ አሮጊት፣ ጎንበስ ያለ ልጅ፣ ጫማ። ይህን ፊልም የሠራው ሰውም ከበላዩ እጁን እያነሣ የሚናገር አንድ ሰው ሳይኖረው እንዳልቀረ አሰበ። የታዘዘውን ንግግር ሁሉ በየቦታው ሰክቶ፣ የራሱን ነገር ማንም በማያይበት በመጨረሻው ላይ አስቀምጦት ይሆናል። ሰላሀዲንም ሳይከራከር ያስቀረበት እሷኑ ነበር።

የሲጋራ ፓኮዋን ከኪሱ አወጣ። በጀርባዋ ያሉትን መስመሮች አላነበባቸውም፤ ሙጫው ጠረጴዛው ላይ እንዳይንጠባጠብ ከስር አነጠፋት።

ኮስትያ በመስኮቱ የቆመበትን የቀዳሚውን ጥቅል ጫፍ አውጥቶ በምላጭ ፋቀ። ሥዕሉ ተነሥቶ መስታወት መሰለ። ሙጫውን ቀባ፤ በሩን የምትከፍተውን እናት ከላዩ ደረበ፤ በአውራ ጣቱ ተጫነ። ጠበቀ። ቀስ ብሎ ሳበው፤ ይዟል። ጥቅሉን በእጁ እያዞረ ጠቀለለው፣ ቆርቆሮው ውስጥ አስገባው፣ ክዳኑን እስኪገጥም ተጫነው፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፤ ቦረና ከሚሄዱት ዕቃዎች አጠገብም አስቀመጠው።